ጆሮውን የደፈነው ልጅ

ዛሬ የምጽፈው ስለ ራሴ ስሕተት ነው፤ ከዚያም ብዙዎቻችን ስሙን እንኳ ሰምተነው ስለማናውቀው አንድ ሙያ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በማገለግልበት ቤተ ክርስቲያን አንዲት እህት የስድስት ዓመት ወንድ ልጇን ይዛ ትመጣ ነበር። ልጁ አይናገርም። በስብከት ሰዓት ጣቶቹን እያየ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል። መዘምራኑ ቆመው ኪቦርዱና ድራሙ ሲጀምር ግን ሁለቱን ጆሮዎቹን በመዳፉ ደፍኖ ይጮኻል፣ ከወንበር ሥር ይገባል፣ እናቱ ልታወጣው ስትሞክር ይነክሳታል። አንድ እሑድ ከጸሎት አገልጋዮቻችን አንዱ ጠጋ ብሎ፣ "ፓስተር፣ አምልኮ ሲጀመር ብቻ እኮ ነው የሚጮኸው" አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ፤ እናንተም ሳይገባችሁ አይቀርም። ልጁን ወደ ፊት አስመጣነው። ከበን እጅ ጫንን፣ ገሠጽን። ማይክሮፎኑ በእኔ እጅ ነበር፤ ስፒከሩ ከልጁ ራስ ሁለት ክንድ አይርቅም። እሱ በጮኸ ቁጥር እኛም ድምፃችንን ከፍ አደረግን። በመጨረሻ ደክሞት ዝም ሲል "ሃሌ ሉያ" አልን።

ከዚያ እሑድ በኋላ እናትየዋን ስምንት ወር ያህል አላየናትም። እውነቱን ልናገርና፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት መቅረቷን ልብ አላልኩትም። ልብ ስል ደግሞ "በእምነቷ ደክማ ይሆናል" ብዬ ደመደምኩ። በጉ ሲጠፋ እረኛው መጀመሪያ ራሱን መጠየቅ እንዳለበት ሠላሳ ጊዜ ያህል ሰብኬአለሁ።

በመጨረሻ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ቤቷ ሄድን። ቡና አፍልታ ተቀበለችን። ልጁ ጥግ ላይ ከዝቅተኛ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጧል፤ እግሮቹ በእንጨት መርገጫ ላይ አርፈዋል፤ በጆሮው ላይ የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉትን ዓይነት የድምፅ መከላከያ አድርጓል። ከአንድ ሳህን ወደ ሌላ ሳህን ቦሎቄ በማንኪያ እያዛወረ ነበር። የማንኪያው እጀታ በጨርቅ ተጠቅልሎ ወፍሯል። ጥቂት ተጨዋወትንና እኔ እንደ ልማዴ "እንጸልይ" ልል ስል ቀደመችኝ።

"ፓስተር፣ ቅር አይበልዎትና አንድ ነገር ልንገርዎት። ልጄ ኦቲዝም ነው ያለበት። ድምፅ ያመዋል። እርስዎ ሲጮሁ ጋኔኑ አልነበረም የጮኸው፤ ልጄ ነው።"

ሽማግሌው አቀረቀረ። እኔ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። በኋላ ግን፣ ይህን ማን ነገረሽ ብዬ ጠየቅኋት። "ኦኩፔሽናል ቴራፒስቷ" አለችኝ። እንግሊዝኛዬ ያን ያህል አይጎድልም፤ ኦኩፔሽን ማለት ሥራ፣ መተዳደሪያ እንደሆነ አውቃለሁ። "የስድስት ዓመት ልጅ ምን ሥራ አለው?" አልኳት። ሳቀች። "እኔም ልክ እንደ እርስዎ ነበር ያልኳት። የልጅ ሥራ መብላት፣ መልበስ፣ መታጠብ፣ መጫወት ነው ብላ መለሰችልኝ።"

ያን ዕለት የጀመረኝ ጉጉት እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። ሙያው በአማርኛ የተስማማንበት ስም የለውም። አንዳንዶች "የሙያ ሕክምና" ይሉታል፤ ይሁንና ሰምቶ የማያውቅ ሰው የሥራ ቅጥር ጉዳይ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ኦኩፔሽናል ቴራፒ እያልኩ እቀጥላለሁ። ፊዚዮቴራፒስቱ በአብዛኛው ጡንቻው እንዲጠነክር፣ መገጣጠሚያው እንዲታጠፍ፣ ልጁ እንዲቆምና እንዲራመድ ይደክማል። የኦኩፔሽናል ቴራፒስቱ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይህ ልጅ በዚህ እጁ ምን ማድረግ ይፈልጋል? ምንስ ከለከለው? የከለከለው እጁ ከሆነ እጁን ያለማምዳል። የከለከለው ማንኪያው፣ ወንበሩ፣ ጫጫታው ወይም የእኛ ችኮላ ከሆነ ደግሞ የሚለወጠው ልጁ ሳይሆን እነዚህ ናቸው።

ታሪኩን ሳነብ አንድ ነገር ደስ አሰኘኝ። ከመሥራቾቹ አንዱ ጆርጅ ባርተን የተባለ አሜሪካዊ አርክቴክት ነው። የሳንባ ነቀርሳ አድክሞት፣ ግራ ጎኑም ሽባ ሆኖ ክሊፍተን ስፕሪንግስ በምትባል የኒው ዮርክ ግዛት ከተማ ሲታከም፣ ኤልዉድ ዉስተር የተባለ ቄስ አግኝቶ አማከረው። ባርተን ራሱን በአትክልትና በእንጨት ሥራ እያለማመደ ተሻለው፤ እ.ኤ.አ. በ1914 "የመጽናናት ቤት" የሚል ስም ሰጥቶ ለሌሎች በሩን ከፈተ። የሙያው የመጀመሪያ ማኅበር የተመሠረተው በዚያው ቤት በ1917 ነው። እንግዲህ በዚህ ሙያ መነሻ ላይ ከታማሚ ጋር ተቀምጦ የተነጋገረ አንድ የወንጌል አገልጋይ አለ። እኔ ደግሞ ማይክሮፎን ይዤ ነበር።

ወደ ልጆቹ ልመለስ፤ ዋናው እዚያ ነውና። ከዚያች እህት በኋላ ሌሎች ቤተሰቦችንም መጎብኘት ጀመርኩ። በወሊድ ጊዜ አየር አጥሯት ሴሬብራል ፓልሲ የያዛት አንዲት ልጅ ነበረች። አያቷ ታጎርሳት የነበረው በጭኗ ላይ በጀርባዋ አስተኝታ፣ ራሷን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጋ ነው። ፍቅር ነው፤ እኛም ሁላችን እንደዚያው ነው ያደግነው። ነገር ግን እንዲህ ላለ ልጅ አደገኛ ነው፤ ምግቡ ወደ አየር ቧንቧ ይገባል፣ ሳልና የሳንባ ምች ያመጣል። ቴራፒስቷ ያደረገችው ነገር ቢኖር ልጅቷን ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ ራሷን ትንሽ ወደ ፊት ማድረግ፣ ከፊት ለፊቷ ተቀምጦ በትንሽ ማንኪያ ቀስ እያሉ ማጉረስን ማስተማር ነው። መድኃኒት የለም፣ ማሽን የለም። አያትየዋ "ይህን ማን ነግሮኝ?" ብለው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ሸሚዝ ሲለበስ የደከመው እጅ ቀድሞ ይገባል፣ ሲወልቅ ኋላ ይወጣል፤ ይህንንም የተማርኩት እዚያው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን ጫማ የማሰር ትምህርት ነው። ቴራፒስቷ ልጁን ከመጀመሪያው አታስጀምረውም። እናትየዋ ሁሉንም ታስርና የመጨረሻዋን መሳብ ብቻ ለልጁ ትተውለታለች። እሱ ይስባል፣ ቋጠሮው ይጠብቃል፣ "አሰርከው!" ይባላል። ያ ሲለመድ ሁለት እርምጃ ይተውለታል፣ ከዚያ ሦስት። ልጁ ሁልጊዜ የሚጨርሰው እሱ ነው። እኛ በቤታችንም በቤተ ክርስቲያናችንም ልጅን የምናስተምረው ተገላቢጦሹን አይደለምን? ከባዱን መጀመሪያ እንሰጠውና ሲያቅተው ነጥቀን እኛው እንጨርሰዋለን።

ይህ ሥራ ፈጣን አይደለም። ኦቲዝምንም ሴሬብራል ፓልሲንም አያጠፋም፤ "አጠፋለሁ" የሚል ቴራፒስት ቢያጋጥማችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። ደግሞም ቴራፒስቷ በሳምንት አንድ ሰዓት ብታየው ነው፤ የቀረውን ሰዓት ሁሉ ልጁ ከቤተሰቡ ጋር ነው። ስለዚህ ጥሩ ቴራፒስት ከልጁ እኩል እናቱን ታያለች። ሌሊት ትተኛለች? አባት የት አለ? ታላቅ እህቱስ መጫወቻ ጊዜ አላት ወይስ ትንሽ ሞግዚት ሆናለች? በጎበኘኋቸው ቤቶች ብዙ ጊዜ ያልነበረው አባት ነው። አንዳንዱ ጥሎ ሄዷል፤ አንዳንዱ ቤት አለ፣ ግን ሥራ ላይ ይደበቃል። አንድ ወንድም፣ ልጁን የማጠብ ሥራ ቴራፒስቷ ለእሱ ከሰጠችው ጊዜ ጀምሮ "ልጄን አወቅሁት" ብሎኛል። ከዚያ በፊት ልጁ ለእርሱ የጸሎት ርእስ ብቻ ነበር።

አሁን ብዙዎች ወደሚጠይቁኝ ልግባ። "ፓስተር፣ ፈውስን ትተሃል ማለት ነው?" አልተውኩም። ጌታ እንደሚፈውስ አምናለሁ፤ ዛሬም በልጆች ላይ እጄን እጭናለሁ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። የማልቀበለው፣ ቴራፒ የእምነት ማነስ ነው የሚለውን ትምህርት ነው። ይህን ከመድረክ የሚናገረው ወንድም ጥቅሱን ያነበበው በመነጽሩ ነው። ደግሞ ከዚህ የሚብስ አለ፤ ልጁ ሳይፈወስ ሲቀር ተጠያቂዋ እናት ትሆናለች። ወይ ኃጢአቷ፣ ወይ የአያቶቿ እርግማን፣ ወይ ያልከፈለችው ስእለት። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ይህንኑ ጠይቀው ነበር፤ ጌታም እርሱም ወላጆቹም ተጠያቂ እንዳልሆኑ ነግሯቸዋል። ዮሐንስ 9 ላይ መልሱ ተሰጥቶ ሳለ ጥያቄውን እስከ ዛሬ የምንደግመው ለምንድን ነው?

ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 9ን ደግሞ አስቡ። ሜምፊቦስቴ በአምስት ዓመቱ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወድቆ እግሩ የሰለለ የዮናታን ልጅ ነው። ዳዊት ከሎዶባር አስመጣው፣ የአያቱን መሬት መለሰለት፣ ሲባና ልጆቹ እንዲያርሱለት አዘዘ፣ በራሱ ማዕድ አስቀመጠው። ይህን ምዕራፍ ስንት ጊዜ ሰብኬው የመጨረሻዋን ቁጥር እዘላት ነበር። ምዕራፉ የሚዘጋው ሁለቱ እግሮቹ አሁንም ሽባ እንደነበሩ በመናገር ነው። አልተፈወሰም፤ ቦታው ግን ማዕዱ ላይ ነው። በነገረ መለኮት ኮሌጅ ሳለሁ ስለዚህ ምዕራፍ የቃል ኪዳን ታማኝነትን የሚያትት ረጅም ወረቀት ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ። ሽባ የሆነ ሰው ማዕድ ላይ ለመቀመጥ ምን እንደሚያስፈልገው፣ ማን እንደሚሸከመው፣ ምን ዓይነት ወንበር እንደሚስማማው ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በአገራችን ባለሙያው እጅግ ጥቂት ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ትምህርቱን በአገር ውስጥ መስጠት መጀመሩ ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ወ/ሮ ዘሚ የኑስም ራሳቸው የኦቲዝም ልጅ እናት ነበሩ፤ ነገሩ በአደባባይ በማይወራበት ዘመን በአደባባይ አወሩት። ቤተ ክርስቲያን ግን በየወረዳው አዳራሽ አላት፣ ወንበር አላት፣ አናጢ አላት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የሌለው ወጣት አላት። ቴራፒስት አንሆንም፤ ቴራፒስቷ ያዘዘችውን መርገጫ ግን ልንሠራ እንችላለን። የታክሲ ገንዘብ መስጠት እንችላለን። እናትየዋ ፀጉሯን ተሠርታ እስክትመለስ ሁለት ሰዓት ልጁን መያዝ እንችላለን።

በአሜሪካ ለምትኖሩ ወገኖቼም አንድ ቃል አለኝ፤ እዚያ ያለው ችግር ከእኛ የተለየ ነውና። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ እድገቱ ከዘገየ ምርመራው ያለ ክፍያ ይደረግለታል። ከሦስት ዓመት ጀምሮ ደግሞ መነሻው እ.ኤ.አ. የ1975 ሕግ በሆነው መብት መሠረት፣ ለትምህርቱ የሚያስፈልገው ሆኖ ከተገኘ፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒ በመንግሥት ትምህርት ቤት በኩል በነፃ ያገኛል። ይሁንና "ልጄ ላይ ስም ይለጠፍበታል" ብላችሁ፣ ወይም የቤተ ክርስቲያን ሰው እንዳይሰማ ፈርታችሁ ወረቀቱን ሳትፈርሙ የመለሳችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ሁለት እናቶች በስልክ ነግረውኛል። እባካችሁ፣ የምታፍሩት እኛን ከሆነ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ልጁ ዋጋ አይክፈልበት።

ከዚያች የቡና ቀን በኋላ ያንን ልጅ በመገሠጼ በጉባኤ ፊት ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ እናቱን አስፈቀድኋት። "ማይክሮፎን አያስፈልግም፣ ፓስተር። ድምፁን ብቻ ቀንሱልኝ" አለችኝ። ከመዘምራኑ ጋር ሁለት ስብሰባ ፈጀብን። "መንፈሱ ይቀዘቅዛል" ያሉኝ ነበሩ፤ አንዱ እስከ ዛሬ አኩርፎኛል። ስፒከሮቹን ከኋለኛው ጥግ አዞርናቸው፣ ድምፁንም ቀነስን፤ ከልጆች ክፍል አጠገብ ያለውን ዕቃ ቤት አጽድተን ምንጣፍ አነጠፍንበት። ይቅርታዬን ግን በጉባኤውም ፊት ተናገርኩ፤ በማይክሮፎን የሠራሁትን በሹክሹክታ ማስተካከል ትክክል አልመሰለኝምና። እሷ በዚያ ቀን አልመጣችም።

የመጣችው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ልጁ አሁን ኋላ ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ የጆሮ መከላከያውን አድርጎ፣ ጋቢ ተጠቅልሎ። ዝማሬው ሲጠና ተነሥቶ ወደ ምንጣፉ ክፍል ይሄዳል፤ መንገዱን ያውቀዋል፣ ማንም አይከተለውም። ለእኔ እስካሁን እጁን አልሰጠኝም። ባለፈው እሑድ በሩ ላይ ጫማውን ሲያደርግ አጠገቡ ተንበረከክሁና ማሰሪያውን አሰርኩለት፣ የመጨረሻዋን ትቼ። ቆይቶ ቆይቶ ሳበው።