«ረን» ሁልጊዜ ሮጠ አይደለም

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላልና እኛም ጉዳያችንን ከአንዲት አጭር የእንግሊዝኛ ቃል እንጀምራለን። ቃሏ «ረን» ናት። ትርጉሟ ምንድን ነው ብንባል «ሮጠ» ለማለት አፍታም አይፈጅብን። መልሱ ትክክል ነው። ግን በዚያው ያበቃል ወይ?

ልጅ ሲሮጥ «ረን» ነው። ወንዝ ሲፈስም «ረን» ነው። አውቶቡስ በየሰዓቱ ሲመላለስ፣ ሞተር ሲሠራ፣ ነጋዴ ሱቁን ሲያስተዳድር፣ ዕጩ ለምርጫ ሲወዳደር፣ ሁሉም «ረን» ነው። «ረን አውት» ሲባል ደግሞ ጠመኔው አለቀ ማለት ይሆናል። የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ለአዲሱ እትማቸው በግስነቷ ብቻ 645 ትርጉም ቆጥረውላታል።

እንግሊዞች ጉንፋን የያዘውን ልጅ አፍንጫ «ረን» ያደርጋል ይላሉ። ተማሪው ይህን «አፍንጫው ይሮጣል» ብሎ ቢተረጉም ክፍሉ ይስቅበታል። ታዲያ ልጁ ምን አጠፋ? «ረን ማለት ሮጠ» የሚለውን ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው የገለበጠው። ፈተናውም ቢሆን «በሀ ሥር ያሉትን በለ ሥር ካሉት ጋር አዛምድ» እያለ፣ ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ ብቻ እንዳለው አስተምሮታል።

ይህ የእንግሊዝኛ ጠባይ ብቻ እንዳይመስለን። በአማርኛችንም ሰው እንጀራ ይበላል፤ እሳት ቤት ይበላል፤ ዝገት ብረት ይበላል፤ ዳኛ ጉቦ ይበላል፤ ጀርባችንንም ይበላናል። ይህን ሁሉ ማንም ዘርዝሮ አላስጠናንም። ቃሉን ከጓደኞቹ ጋር እየሰማን ነው የለየነው።

በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ተደንግጎ ነበር፤ በሁለተኛ ደረጃ ዛሬም የማስተማሪያ ቋንቋ ነው። 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ የጂኦግራፊ መጽሐፉ ውስጥ ወንዝ «ረን» ሲያደርግ ካልገባው፣ የሚወድቀው በእንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን በጂኦግራፊም ነው። ልጁ ሰነፍ ተብሎ ይቀራል። ጥፋቱ ግን ከታች ክፍል፣ ማለትም ነገ እኛ ከምንቆምበት ሰሌዳ ይጀምራል።

ታዲያ 645ቱን ትርጉም እናስጠና ማለታችን አይደለም፤ እሱማ ሌላ ሽምደዳ ነው። የምንለው ቀላል ነው። የተለመደው ፍቺ ይቅደም፤ ቃሉ ግን ብቻውን ሰሌዳ ላይ አይውጣ። በትምህርት ዕቅዳችን «አዲስ ቃላት» በሚለው ሥር ለእያንዳንዱ ቃል ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገር እንጻፍ። ለፈተናም ከ«አዛምድ» ይልቅ «በዓረፍተ ነገር አስገባ» እንበል። ይህ መዝገበ ቃላት በሌለበት የገጠር ትምህርት ቤትም ይሠራል፤ ከጠመኔ በቀር ወጪ የለውም።

ክፍለ ጊዜው አይበቃም የሚል ይኖራል። ዛሬ አሥር ቃል ገልብጦ ነገ አንዱንም ከማይጠቀምበት፣ አራት ቃል ይዞ የሚናገርባቸው ልጅ ይሻለናል። ሐሳባችን ጎደሎ ከሆነ ውድ መምህሮቻችንና ባልንጀሮቻችን በዚሁ ግድግዳ ላይ ጽፋችሁ አሟሉልን።