«ሚሲዮን በስንዴ ወሰዳቸው» ስለሚባለው ቃል

ጉደር የመንገድ ከተማ ናት። ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ርቃ፣ ስምዋን ከሰጣት ወንዝ አጠገብ ተቀምጣለች፤ በእርስዋ ላይ የሚያልፈውም መንገድ በባኮ አድርጎ ነቀምቴ ይደርሳል፤ ከዚያ በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ አልፎ ቆላውን ከወረደ በኋላ ጋምቤላ ይገባል። በዚያም ከደቡብ ሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ነፍሱን ብቻ ይዞ የወጣ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ፣ አብዛኛው ኑዌር፣ በኩሌና በተርኪዲ፣ በጀዊና በፑኝዶ የስደተኞች ሰፈር ይኖራል።

ስለዚህ ሕዝብ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ጥላ ሥር ወሬ በተነሣ ቍጥር አንድ ቃል ይደጋገማል፤ ይኸውም «ሚሲዮን በስንዴ ወሰዳቸው» የሚል ነው። ቃሉ ለተናጋሪው ትልቅ ትርፍ አለው። ሚሲዮኑን ሌባ፣ ስደተኛውን ሆዳም ያደርግና ተናጋሪውን ከሁለቱ በላይ አስቀምጦ፣ ምንም ሳያስወጣው በሰላም ወደ ቤቱ ይሸኘዋል። ቃሉ እውነት ቢሆን ኖሮ ትርፉ ባልከፋ ነበር፤ ነገር ግን ከሦስቱ ቃላት ሁለቱ ሐሰት ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ስንዴው። በሰፈሮቹ የሚታደለው እህል የሚሲዮን አይደለም፤ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ምግብ ፕሮግራም የሚያመጣው ነውና፣ የራሽን ካርድ የያዘ ሁሉ ፕሮቴስታንት ቢሆን፣ ካቶሊክ ቢሆን፣ እስላም ቢሆን፣ የአባቶቹን አምልኮ ያልተወም ቢሆን ተሰልፎ ይቀበላል። የቀይ መስቀል ማኅበርና ሌሎችም የእርዳታ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት የምግባር ደንብ፣ እርዳታ ለሃይማኖት ማስፋፊያ እንዳይውል ተጽፏል። ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ እህሉ ወደማይገባው እጅ እየሄደ ነው ተብሎ በመላው ኢትዮጵያ እደላው በተቋረጠ ጊዜ፣ ስደተኛው ከሌላው ተረጂ ጋር አብሮ ለወራት ያለ ራሽን ተቀመጠ። ስንዴ ነፍስ የሚገዛ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ገበያው ባዶ ነበር፤ የሚሻማ ገዢም አልነበረበትም። በእነዚያ ወራት ከሸዋ ደብሮች ስንት ጆንያ ጤፍ፣ ስንት ጆንያ በቆሎ ወደዚያ ወረደ? ስለ ስንዴ የሚናገር ሰው ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ሊያልፍ አይገባውም።

«ወሰዳቸው» የሚለውም እንዲሁ ነው። የባሮ ውኃ ድንበሩ ላይ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ይባላል። በሶባት ዳር፣ ዶሌብ ሂል በሚባል ስፍራ፣ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ጣቢያውን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ከዚያም ወደ ናስር ወጥቶ ከኑዌሮች መካከል ተቀመጠ፤ ቋንቋቸውን ተማረ፤ በጊዜው መጽሐፍ ቅዱስ በኑዌርኛ ታተመ። ስለዚህ በ2006 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ጁባ ላይ ጦርነቱ ተነሥቶ ሕዝቡ ወደ ኢትዮጵያ በፈለሰ ጊዜ፣ ከብዙዎቹ ጋር መዝሙራቸውም ሰባኪዎቻቸውም አብረው ተሰደዱ። ሚሲዮን ከቤተ ክርስቲያን እጅ አልነጠቃቸውም፤ በእጅዋ አልነበሩምና። በወዲህኛውም ዳር ቢሆን ዶክተር ቶማስ ላምቢ ከሱዳን ተሻግረው ሳዮ፣ ማለት የዛሬው ደምቢ ዶሎ፣ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1919 ነበር። ዶናልድ መክሉርም በባሮ ዳር በፖክዎ ከአኙዋኮች ጋር ከኖሩ በኋላ በ1969 ዓ.ም. መጋቢት ወር ጎዴ ላይ ተገደሉ። ትምህርታቸውን መንቀፍ ይቻላል፤ የነገረ ሃይማኖት ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሰው ዕድሜውን ሰጥቶ የሠራውን ሥራ የስንዴ ንግድ ነው ማለት ለክርክር የሚበቃ ቃል አይደለም።

እንግዲህ ከሦስቱ ቃላት የቀረው «ሚሲዮን» የሚለው ነው። ቅኔ የተማረ ሰው የዚህን ነገር ሰምና ወርቅ ለመለየት ብዙ አይደክምም፤ ሰሙ የሚሲዮን ብርታት ነው፤ ወርቁ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መዘግየት ነው። በ1936 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የወጣው የሚሲዮኖች ደንብ አገሩን በሁለት ክፍል ለይቶ፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በጸናችበት ወገን ሚሲዮን ሕክምናና ትምህርት ቤት እንጂ ስብከት እንዳይዝ ከለከለ፤ ሌላውን ክፍት አደረገው። ለብዙ ካህናት የቅጥሩ መጠበቅ የመንጋው መጠበቅ መሰላቸው። ክፍት በተባለው አገር ግን ሚሲዮኑ ቋንቋ ሲማር፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ከመንግሥት ሹም ጋር ወርዶ ከሹሙ ጋር ተመለሰ።

የቋንቋው ነገር ለጉደር ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ ገበያው፣ ለቅሶው፣ ሽምግልናው ሁሉ በኦሮምኛ ነውና። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሰው እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊስ አገር፣ በቅዱስ ክሪሾና፣ ያሳተሙት ኦኔሲሞስ ነሲብ የተወለዱበት ሑሩሙ የሚገኘው በዚሁ ወደ ጋምቤላ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። በልጅነታቸው በባርነት ተሸጠው ምጽዋ ላይ ነፃ የወጡ ሰው ናቸው፤ በሥራው የረዳቻቸው አስቴር ጋኖም ከባርነት ነፃ የወጣች ናት። ስለዚህ ያን መጽሐፍ ያበጁት ከአገራቸው ተነቅለው የተጣሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። ቤት ያላቸው፣ ጉባኤ ያላቸው፣ ርስት ያላቸው ሊቃውንት ያልጀመሩትን ሥራ እነርሱ ፈጸሙት።

በሩቅ አገርም ነገሩ እንዲሁ ሆኖ ይገኛል። በርማ፣ በዛሬ ስሙ ሚያንማር በሚባለው አገር፣ ካረን የሚባል ሕዝብ አለ። ከእርሱ ወገን መጀመሪያ የተጠመቀው ኮ ታ ብዩ በዕዳ የተያዘ ባሪያ ነበር፤ የተጠመቀውም በ1820 ዓ.ም. ነው። ጆናታን ዌድ የሚባል አሜሪካዊ ለቋንቋው ፊደል አበጀ፤ ፍራንሲስ ሜሶን መጽሐፍ ቅዱስን ተረጐመ። በ1941 ዓ.ም. ጥር ወር በካረንና በመንግሥቱ መካከል ጦርነት ተነሣ፤ ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮም ስደተኞቹ ድንበር ተሻግረው በታይላንድ ሰፈሩ። ማዔላ በሚባለው ሰፈር የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት አላቸው፤ የሚያስተምሩበትም ካረኖቹ ራሳቸው ናቸው። ፊደሉን የሰጣቸው እንግዳ ከሞተ ዘመን አልፎታል፤ ፊደሉ ግን ጫካውንም ስደቱንም አብሯቸው ተሻገረ። ጋምቤላ ላይም ያለው ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ ማለት ሚሲዮን ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። በቻይናና በህንድ ለእህል ሲል የሚጠመቀውን ሰው የሩዝ ክርስቲያን ይሉት ነበር፤ ስሙ የወጣው ያለ ምክንያት አይደለም። የተራበውን ሰው ፎቶግራፉን አንሥቶ፣ የተጠማቂውን ቍጥር ደምሮ ለለጋሾች የሚልክ ሰባኪ ካለ፣ የእመቤታችንን ክብር ለማቃለል ስደተኛ ሰፈርን የሚመርጥም ካለ፣ በግልጥ ሊወቀስ ይገባዋል። ወቀሳው ግን የሚያምረው ከወቃሹ ዘንድ አንድ ቁና እህልና አንድ የሚሰማ ቋንቋ ሲገኝ ነው።

አንዳንዶች «ይህ የኮሚሽኑ ሥራ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ከስደተኞችም ጋር ብዙ ሠርቷል፤ የረዳውንም ሰው ሃይማኖቱን አልጠየቀውም። ነገር ግን ኮሚሽን የተቋቋመው አጥቢያን ከሥራ ለማሳረፍ አይደለም። ይህ ሰበብ የሚፈተነው ደግሞ ጋምቤላ ድረስ ሳይወረድ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካማሺ የተፈናቀለው ሕዝብ ነቀምቴ ገባ፤ ከዚያ ወዲህም በወለጋ በተነሣው ግጭት ኦሮሞውም አማራውም ከቤቱ ወጣ፤ ከእነዚህም እስከ ደብረ ብርሃን የሄዱ አሉ። የእነዚህ ብዙዎቹ በ40 እና በ80 ቀን የተጠመቁ፣ ማተብ ያሰሩ፣ ጽዋ የጠጡ ናቸው። በእነርሱ ዘንድ «ሚሲዮን ወሰዳቸው» የሚባል ምክንያት የለም። ታዲያ ለእነርሱ የተዘረጋው እጅ ከሌላው እጅ ይረዝማልን? ካልረዘመ፣ የጋምቤላው ወሬ ስለ ሃይማኖት ቅናት የተነገረ አልነበረም ማለት ነው።

ስደተኛን ባዕድ የሚያደርግ ካህን የሚቀድስበትን መቅደስ ታሪክ ይመልከት። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ ፍሬምናጦስ፣ በባሕር ዳር ተማርኮ ወደ አክሱም የመጣ ልጅ ነበር። ተሰዓቱ ቅዱሳንም ከኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ ስለ ሃይማኖታቸው ተሰደው የመጡ ናቸው ይባላል፤ የገቡበትን አገር ቋንቋ ተምረው መጻሕፍትን ወደ ግእዝ መለሱ እንጂ ሕዝቡ የሶርያን ቋንቋ እስኪያውቅ አልጠበቁም። ዛሬ በጋምቤላ የቅዱስ ፍሬምናጦስን ስም የያዘ የነገረ መለኮት ኮሌጅ አለ፤ ያቋቋመችው ግን የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ናት። ይህን ሰምቶ የሚቈጣ ይኖራል፤ ቍጣው ወደ ማን እንደሚሄድ ግን አስቀድሞ ያስብ።

የሚያስፈልገው ነገር ረቂቅ አይደለም። ከኑዌርና ከአኙዋክ ወጣቶች መካከል የሚፈልጉ ተመርጠው በአብነት ትምህርት ቤት ይቀመጡ፤ ከመሪጌታው ዜማ ሲማሩ መሪጌታው ደግሞ ከእነርሱ ቋንቋ ይማር። ቅዳሴው በአፋቸው ይተርጐም፤ በአማርኛ መቀደስ ከተቻለ በኑዌርኛ የሚከለክል ቀኖና የለም። እህሉም ከስብከቱ ይቅደም፤ የበላው ሰው ባይጠመቅም አይቈጠርበት። የጉደር ሰንበቴ ማኅበርተኛም ለዚህ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጠበቅ የለበትም፤ መንገዱ በደጁ ያልፋልና፣ በሚቀጥለው እሑድ ከመሶቦቹ አንዱን ለይቶ ተፈናቃዩ ካለበት ሊያደርስ ይችላል።