ጥለቱ ወዴት ነበር?

ባለፈው ዓመት በማኅበራችን የባህል ምሽት ላይ ስድስት ፎቶዎች ሰቅዬ ነበር። ሁሉንም ያነሳኋቸው ባደግኩበት ሰፈር፣ ሪጀንት ፓርክ ውስጥ፣ በፊልም ካሜራ ነው። ሰው በብዛት የቆመው ከአንዷ ፊት ነበር፦ ነጠላ የለበሱ እናት በዳንዳስ ጎዳና የትራም ፌርማታ ላይ ቆመው፣ ከኋላቸው ሊፈርስ የታጠረ የጡብ ሕንፃ። ከሥሯ "የእሁድ ጠዋት" ብዬ ጽፌባታለሁ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ መስሎኝ ነበር።

ምግብ ሲያቀርቡ ከነበሩት እናቶች አንዷ ቀረብ ብለው አዩና "ልጄ፣ እኚህ ሴትዮ እኮ ሐዘን ላይ ናቸው" አሉኝ። እንዴት አወቁ ስላቸው ገረማቸው። "ጥለቱን አታየውም? ወደ አንገት ነው ያደረጉት።"

እኔ ያንን ጥለት አይቼዋለሁ። እንዲያውም ያነሳኋት ለእሱ ብዬ ነው፤ ፊታቸውን የከበበ ጠቆር ያለ መስመር ሆኖ አምሮብኝ። ነጠላ ሲዘቀዘቅ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የሐበሻ ልጅ፣ የሰው ለቅሶ "የእሁድ ጠዋት" ብሎ ግድግዳ ላይ ሰቀለ።

ከእኛ መካከል ካሜራ የያዝን ብዙ ነን፣ ፊልምም እንደገና ፋሽን ሆኗል። ስለ ጎዳና ፎቶ ስንከራከር ሁልጊዜ የሚመዘዘው ሕጉ ነው። አደባባይ ላይ ያለ ሰው ይነሳል፣ አለቀ። ለነገሩ ሕጉም እንደዚያ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሞንትሪያል ውስጥ ደጃፍ ላይ እንደተቀመጠች ሳትጠየቅ ተነስታ መጽሔት ላይ ለወጣች የ17 ዓመት ልጅ ፈርዶላታል፤ ካሳውም 2,000 ዶላር ነበር። ያ የኩቤክ ሕግ ነው፣ ኦንታሪዮን አያስርም። እኔን ግን ጥያቄው ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለው ላይ ሲቆም አይጥመኝም። ያቺን ፎቶ ሳነሳ የጣስኩት ሕግ የለም። ያጠፋሁት የማየውን ነገር ሳላውቅ ማንሳቴ ነው።

ደግሞ ሰፈራችን በካሜራ የተጎዳ ሰፈር ነው። የካናዳ የመጀመሪያው ትልቅ የመንግሥት መኖሪያ ሪጀንት ፓርክ መሠራት የጀመረው በ1948 ነው፤ ቦታው ላይ የነበሩት አሮጌ ቤቶች ፈርሰው። በ1953 ብሔራዊ የፊልም ቦርድ "ፌርዌል ኦክ ስትሪት" የሚል አጭር ፊልም አወጣ፦ አሮጌው ሰፈር ቆሻሻና ንትርክ፣ አዲሱ ንጽሕናና ሰላም። ሃምሳ ዓመት ሳይሞላ ያ "ንጹሕ" ሰፈር በተራው በየጋዜጣው የፖሊስ መብራትና የጨለመ ኮሪደር ሆኖ ቀረበ። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እሱም በየተራ እየፈረሰ ነው። ሁለት ጊዜ ለመፍረስ ፎቶ የተነሳ ሰፈር ማለት ነው። የእናቶቻችን ሳሎን፣ የቡናው ረከቦት፣ መስኮት ላይ የተንጠለጠለው የሎተሪ ሰዓሊ ማርያም ግን በሁለቱም ውስጥ የለም።

አዲስ አበባ ውስጥ ሚካኤል ጸጋዬ የሚፈርሱትን አሮጌ ሰፈሮች "ፊውቸር ሜመሪስ" በሚል ተከታታይ ሥራ አንስቷቸዋል። ፒያሳና ካዛንቺስ ባለፉት ዓመታት ሲፈርሱ ያየ ሰው ለምን እንደሚያስፈልግ አይጠይቅም። ሪጀንት ፓርክ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ማን ነው? ኮንዶ የሚሸጡት ሰዎች ፎቶ እንደሆነ ሞልቷል።

አንድ ጓደኛዬ "ከጠየቅህ ቅጽበቷ ትሞታለች" ይለኛል። ግማሹ እውነት ነው። ሙሉጌታ አየነ በመጋቢት 2019 የበረራ 302 አደጋ ቦታ ላይ ያነሳትን ታስታውሳላችሁ፤ አፈር እያነሳች ፊቷ ላይ የምትበትን ሴት። ሥራው በ2020 በወርልድ ፕሬስ ፎቶ ተሸልሟል። እንዲህ ባለ ሰዓት "ፎቶ ላንሳሽ?" የሚል ሰው ሰው አይደለም። ፎቶዋ ግን መነሳት ነበረባት፤ በዚያ አውሮፕላን ውስጥ 18 ካናዳውያንም ነበሩ፣ እዚህ ከተማም ለቅሶ ተቀምጧል። ከእኔዋ ጋር የሚለያቸው ግን መጠየቅ አይመስለኝም። እሱ ለቅሶ መሆኑን ያውቃል፤ የሐዘኑን ቋንቋ ያነባል።

እኚያን እናት ለማግኘት አንድ ሳምንት አልፈጀብኝም፤ ሰፈሩ ትንሽ ነው። ፎቶዋን ይዤ ሄድኩ። አልተቆጡም። ለረጅም ጊዜ አዩዋትና "ወንድሜ የሞተ ሰሞን ነው" አሉ። ቀጥለውም "ለማን ሰጠኸው?" ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ለእሳቸው ፎቶ ማለት የሚሰጥ ነገር ነው፤ ስቱዲዮ ገብተህ፣ ፀጉርህን ተሠርተህ፣ ከጀርባው "ለማስታወሻ" ብለህ ጽፈህ ለሰው የምትልከው።

እንደገና ላንሳዎት አልኩ። ቀን ቀጠሩኝ፣ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው ጠበቁኝ። መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ጠይም ፊትና ነጭ ነጠላ አንድ ላይ ሲመጡ የብርሃን መለኪያው ይወናበዳል፦ ነጠላውን ካነበበ ፊቱን ያጠቁረዋል። ለዚህ መለኪያውን ጉንጫቸው አጠገብ አድርጌ ለካሁ። ፊልም ራሱ ለእኛ ፊት አልተሠራም፤ ኮዳክ ለአሥርት ዓመታት ላቦራቶሪዎች ቀለም የሚያስተካክሉበት "ሸርሊ" የተባለ ካርድ ላይ ያወጣ የነበረው ነጭ ሴቶችን ነው። እዚሁ ቶሮንቶ፣ ማውንት ዴኒስ የነበረው የኮዳክ ፋብሪካ በ2005 ተዘግቷል። ጣጣው ግን ለእኛ ተርፏል።

አሥራ ሁለት አነሳሁ። "እስቲ አሳየኝ" አሉኝ። ፊልም ነው፣ መታጠብ አለበት፣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል አልኳቸው። "ከሞትኩ በኋላ ልታመጣው ነው እንዴ?" ብለው ሳቁ።

በአሥረኛው ቀን ሦስት ኮፒ ወሰድኩላቸው። አንዱ ደሴ ላለች እህታቸው ሄደ፣ ከጀርባው ቀኑን በእኛ አቆጣጠር አስጽፈውኛል። አንዱ ቴሌቪዥኑ ጎን ቆሟል። ሦስተኛውን ፖስታ ውስጥ ከተው ለምን እንደሆነ ሳልጠይቃቸው "ይሄ ለራሴ ለቅሶ ነው" አሉ።

የመጀመሪያዋን አውርጃታለሁ። ኔጌቲቩን ልቁረጠው ብዬ ስጠይቃቸው ግን እምቢ አሉ። "ተወው ይቀመጥ፤ የወንድሜ ቀን ነው። ያንን ጽሑፍ ብቻ አንሳልኝ።"