«ይረታል»

ልጆች ሆይ፤ ሲጻፍ አንድ፣ ሲነበብ ግን ሁለት የሚሆን፣ ፍቹም እርስ በርሱ የሚጣላ ቃል በቋንቋችን አለ። «ውቤ ይመታል» የሚለውን ተመልከቱ። አላልታችሁ ብታነቡት መቺው ውቤ ነው፤ አጥብቃችሁ ብታነቡት ግን ተመቺው እርሱ ነው። በ1847 ዓ.ም. ከደረስጌ ጦርነት አስቀድሞ አንድ ሰው ይህን ጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ወዳጅም፣ የደጃዝማች ካሣ ወዳጅም ደስ ብሎት ባነበበው ነበር። ነገሩ የለየው ካሣ ድል አድርገው፣ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ ነው።

ይህስ እንደ ጨዋታ ነው፤ ጨዋታ ያልሆነውን ልንገራችሁ። በልጅነቴ በደባርቅ የገበያ ቀን፣ ከዳባት ወገን የመጡ አንዲት ባልቴት ደብዳቤ እንዳነብላቸው ሰጡኝ። ልጃቸው ስለ እርሻ ድንበር ጎንደር ሄዶ ይከራከር ነበርና ወሬውን ዘመዳቸው ጽፎላቸዋል። በመጨረሻው «ልጅሽ ይረታል ይላሉ» የሚል ነበረበት። እኔም ንባብ ገና የጨረስሁ ትዕቢተኛ ነበርሁና፣ ቆም ብዬ ሳላስብ አጥብቄ አነበብሁት። ባልቴቲቱ ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ጣሉ። ኪሣራ እንጠየቃለን ብለውም የሚያልቧትን አንዲት ላም በዚያው ገበያ በርካሽ ሸጡ። ልጁ ግን ረትቶ ተመለሰ። እናቲቱ አንዳች ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ላሟን ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

የቀደሙት ሊቃውንት ይህን ችግር ስላወቁ፣ ከሚጠብቀው ፊደል በላይ ታናሽ «ጥ»፣ ከሚላላው በላይ ታናሽ «ላ» ይጽፉ ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ አድርገዋል። ነጥቡ መልካም ነው፤ በጀማሪዎች መጽሐፍ ሁሉ ቢገባ እወዳለሁ። ነገር ግን ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው በችኰላ ሳለ ነጥብ አያስብም። ስለዚህ አንድ ቃል ይጨምር ባይ ነኝ። «ልጅሽ ባላጋራውን ይረታል» ተብሎ ቢሆን ላሟ አትሸጥም ነበር።

አንባቢውም «ይህ ቃል በሁለት መንገድ ይነበባል፤ የትኛው እንደ ሆነ አላወቅሁም» ለማለት አይፈር። እኔ ያን ቀን እንዲህ ብያቸው ቢሆን፣ ባልቴቲቱ ደብዳቤውን ይዘው ወደ መሪጌታው በሄዱ ነበር፤ ቤቱም ከገበያው ሩቅ አልነበረም።