ከሜርሎ ጥላ የወጣው ካርሜኔር፤ የቺሊ የወይን ጠጅ ዘርፍ ተሞክሮ

አንድ የግብርና ምርት ወደ ውጭ ገበያ ሲቀርብ ገዢው አስቀድሞ የሚያጣራው ማንነቱን ነው። ምርቱ ምን ዓይነት ዝርያ እንደሆነ፣ የት እንደበቀለና በገላጭ ጽሑፉ ላይ የሰፈረው እውነት ስለመሆኑ አስተማማኝ መልስ መስጠት የማይችል አገር የገዢውን አመኔታ ያጣል። ደቡብ አሜሪካዊቷ ቺሊ ካርሜኔር በተሰኘው ቀይ የወይን ዝርያ ያሳለፈችው ልምድ ይህንኑ በግልጽ ያሳያል።

የካርሜኔር መገኛ በፈረንሳይ የቦርዶ አካባቢ፣ በተለይም ሜዶክ ነው። ስያሜውም ደማቅ ቀይ ቀለምን ከሚያመለክት የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ ቅጠሉ ከመርገፉ በፊት ይህንኑ ቀለም ይይዛል። የቦርዶ ጠማቂዎች ቀይ ወይን ጠጃቸውን በአብዛኛው የሚያዘጋጁት የተለያዩ ዝርያዎችን በማዋሃድ ነው። ካርሜኔርም ከካበርኔ ሶቪኞ፣ ከሜርሎ፣ ከካበርኔ ፍራን፣ ከፔቲ ቬርዶና ከማልቤክ ጋር ከአካባቢው ስድስት ነባር ቀይ ዝርያዎች አንዱ ሆኖ ለቅይጡ ቀለምና ጣዕም ሲያበረክት ቆይቷል። በራሱ ስም ግን እምብዛም አይታወቅም ነበር።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ፊሎክሴራ የተባለው የወይን ሥር የሚያጠቃ ተባይ የአውሮፓን እርሻዎች አወደመ። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው የአውሮፓን ወይን ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ አዳቅሎ መትከል ነበር። ካርሜኔር በቦርዶ ቀዝቃዛና እርጥብ የጸደይ ወራት አበባው ፍሬ ሳይቋጥር የሚረግፍ በመሆኑ ምርቱ አስተማማኝ አልነበረም። በመሆኑም ገበሬዎቹ መልሰው ሊተክሉት አልፈለጉም። ዝርያውም ከትውልድ ቦታው ሊጠፋ ጥቂት ቀረው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ጥፋት ቀደም ብሎ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ፣ የቺሊ ባለርስቶች የቦርዶ ወይን ቁርጥራጮችን ወደ አገራቸው አስገብተው ነበር። ቺሊ በምሥራቅ በአንዲስ ተራሮች፣ በምዕራብ በፓሲፊክ ውቅያኖስ፣ በሰሜን በአታካማ በረሃ የተከለለች በመሆኗ ፊሎክሴራ አልደረሰባትም። በዚህም ምክንያት ካርሜኔር በገዛ ሥሩ ላይ እንደበቀለ ከመቶ ዓመት በላይ ሊቆይ ችሏል።

ችግሩ ግን ማንነቱ የተረሳ መሆኑ ነበር። ካርሜኔርና ሜርሎ ሁለቱም የካበርኔ ፍራን ልጆች በመሆናቸው እጅግ ይመሳሰላሉ። በአንድ ማሳ ተቀላቅለው የተተከሉት ሁለቱ ዝርያዎች በጋራ ሜርሎ ተብለው ይለቀሙ፣ ይጠመቁና ይሸጡ ነበር። ካርሜኔር ከሜርሎ ሳምንታት ዘግይቶ የሚበስል በመሆኑም ሜርሎው ሲደርስ ካርሜኔሩ ገና ጥሬ ነው። አብሮ ሲለቀም ወይን ጠጁ የቃሪያ ጣዕም ያመጣል፤ ካርሜኔሩ እስኪደርስ ከተጠበቀ ደግሞ ሜርሎው ከልክ በላይ ይበስላል። የጣዕሙ ጉድለት ምንጭ የዝርያ ስሕተት መሆኑን ለረጅም ጊዜ የተረዳ አልነበረም።

እውነታው ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 1994 ነው። ከሞንፔሊዬ የመጡት ፈረንሳዊው የወይን ዝርያዎች ተመራማሪ ዣን ሚሼል ቡርሲኮ በማይፖ ሸለቆ የሚገኘውን የቪኛ ካርመን እርሻ ሲጎበኙ ሜርሎ ተብሎ ከታያቸው ተክል መካከል ካርሜኔርን ለይተው አወቁ።

ግኝቱ ለቺሊ አምራቾች ከባድ ፈተና ይዞ መጣ። የአገሪቱ የወይን ጠጅ የውጭ ንግድ በማደግ ላይ በነበረበት በዚያ ወቅት፣ ሜርሎ ተብሎ ከተላከው ጠርሙስ ውስጥ ብዙው በከፊል ሌላ ዝርያ እንደነበር ማመን የገበያውን አመኔታ ሊያናጋ ይችል ነበር። ያም ሆኖ የተመረጠው ስሕተቱን ማረም ነው። ዝርያው በሕግ ባለመታወቁ ቪኛ ካርመን እ.ኤ.አ. በ1996 ለገበያ ያቀረበው ወይን ጠጅ ግራንድ ቪዱር የሚል የቀድሞ የቦርዶ መጠሪያ ይዞ ነበር። የአገሪቱ ግብርና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1998 ለካርሜኔር ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑን በይፋ ዕውቅና ሰጠ።

በቺሊ ደንብ መሠረት አንድ ጠርሙስ የአንድን ዝርያ ስም እንዲይዝ ቢያንስ 75 በመቶው ከዚያው ዝርያ የተጠመቀ መሆን ይኖርበታል። የአውሮፓ ኅብረት ገበያ ደግሞ 85 በመቶ ይጠይቃል። ስሙ ብቻውን ለውጥ ባላመጣም ነበር። ዋናው ለውጥ የታየው ማሳዎች ተለይተው፣ ካርሜኔር በራሱ ጊዜ መለቀም ሲጀምር ነው። በካቻፖዋል ሸለቆ የምትገኘው ፔውሞና ኮልቻጓ የመሳሰሉት ሞቃትና የዝናብ ስጋት የማይበዛበት ረጅም የማብሰያ ወቅት ያላቸው አካባቢዎች ለዝርያው ተስማሚ ሆነው ተገኙ። ዛሬ ካርሜኔር ብቻውን ተጠምቆ የቺሊ መታወቂያ ለመሆን በቅቷል። አገሪቱም በዝርያው ስፋት ከዓለም ግንባር ቀደም ናት።

ተመሳሳይ ስሕተት በሌሎች አገሮችም ተከስቷል። በሰሜን ጣሊያን ካርሜኔር ካበርኔ ፍራን ተብሎ ሲለማ የቆየ ሲሆን፣ በቻይና ካበርኔ ገርኒሽት እየተባለ የሚጠራው ወይንም ካርሜኔር መሆኑን የዘረመል ምርመራ አረጋግጧል። እነዚህ አገሮች ተክሉ እያላቸው ዓለም አቀፍ ስሙን ያስተሳሰረው ከቺሊ ጋር ነው። ለዚህም ፈጥኖ መለየትና በሕግ ማጽናት ትልቅ ድርሻ እንደነበራቸው መገመት አያዳግትም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም የራቀ አይደለም። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በዝዋይ ባለማው እርሻ ሜርሎና ካበርኔ ሶቪኞን የመሳሰሉ የቦርዶ ዝርያዎችን ተክሎ፣ ሪፍት ቫሊ በሚል መለያ የዝርያዎቹን ስም የያዙ የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ማቅረቡ ይታወሳል። በጠርሙስ ላይ የሚጻፍ የዝርያ ስም ለገዢው የሚሰጥ ቃል ኪዳን ነውና፣ የዘር ማስረጃን መያዝ፣ ማሳን በዝርያ መመዝገብና ገላጭ ጽሑፍን መቆጣጠር ችላ የሚባሉ የቢሮ ሥራዎች አይደሉም። የቺሊ ልምድ የሚያስገነዝበው አንድ ተመራማሪ በአንድ ቀን ያየውን እውነት ወደ አገር ሀብት የሚለውጡት መዝገብና ደንብ፣ እነርሱንም በአግባቡ የሚያስፈጽሙ ባለሙያዎች መሆናቸውን ነው።