የቡቺ ጠባቂ ደሞዝ ስንት ነው?

"እናንተ ልጆች፣ እንደው ሥራ የላችሁም አይደል…" ብሎ የሚጀምር ስልክ መጨረሻው አያምርም። ባለፈው ክረምት የደወሉልን እትዬ የአንዳችን እናት ወዳጅ ናቸው። ሜሪላንድ ልጃቸው ጋ ለሁለት ወር ሊሄዱ ነው። ጥበቃው ማታ ማታ በሩን ይይዛሉ፣ ሠራተኛዋ አገር ቤት ትሄዳለች፣ ቡቺ ግን ቀን ቀን "ሰው ይፈልጋል"። ቡቺ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ሁለቱም ዓይኖቹ ሞራ ለብሰዋል፤ ግራ የኋላ እግሩን ሚኒባስ ገጭቶት ስለተቆረጠ በሦስት እግር ነው የሚሄደው። "ምን ሥራ አለው ብላችሁ! ብቅ እያላችሁ ማየት ብቻ ነው" አሉን። ከመካከላችን ደፋሯ ስለ ክፍያ ስታነሳ ረጅም ሳቅ ተሰማ። "ለውሻ ደግሞ ይከፈላል እንዴ የኔ ልጅ?"

ሄድን። ይሉኝታ ክፉ ነው። (ቤቱ ዋይፋይ እንደነበረውም አንደብቅም።)

በመጀመሪያው ቀን ያደረግነውን ስናስታውስ እናፍራለን። የውሃ ሳህኑ ቆሽሿል ብለን አጥበን ጥላ ያለበት ቦታ አስቀመጥንለት፤ ደግ ሥራ መስሎን። ቡቺ ሲጠማው በለመደው አቅጣጫ ሄዶ፣ ባዶውን ሲሚንቶ አሽትቶ፣ ዞር ዞር ብሎ ተመልሶ ተኛ። የማያይ ውሻ ግቢውን በቃሉ ነው የሚያውቀው። ሳህኑን ሁለት ሜትር ማንቀሳቀስ ለእሱ ቤቱን አፍርሶ እንደመሥራት ነው። ይህን ያስረዱን ጥበቃው ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን፤ ስማቸውን የማንጽፈው እንጀራቸው እዚያ ስለሆነ ነው።

"ሳትጠሩት አትንኩት" አሉን ጋሼ። ተኝቶ ሳለ ድንገት የነካውን እጅ ይነክሳል፤ ክፋት አይደለም፣ ድንጋጤ ነው። ሽርሽሩም ሥርዓት አለው። ከበሩ ወጥቶ ሁልጊዜ በቀኝ፣ አጥሩን ይዞ እስከ ትራንስፎርመሩ፣ ከዚያ መመለስ። መንገዱ አይቀየርም። ደርሶ መልሱ አሥር ደቂቃ ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ። አንድ ረጅም መንገድ የአራት እግርን ሸክም በሦስት የሚሸከመውን ውሻ መገጣጠሚያ ይጎዳዋል፤ ደግሞ መወፈር የለበትም። በረንዳው ሴራሚክ ስለሆነ እንዳያንሸራትተው ባዶ ማዳበሪያ አንጥፈውለታል። ማን አስተማራቸው? ቡቺ ራሱ፤ በዘጠኝ ዓመት። እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ስለ "መረጃ ምንጭ" ኖት ስንገለብጥ፣ ምንጩ እዚህ በር ላይ ካፖርት ለብሶ ቁጭ ብሎ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ እኛ ነገርናቸው። ቡቺ የሚበላው እንደ አገሩ ውሻ ሁሉ የወጥ ትራፊ ፍትፍት ነው። ሽንኩርት ደግሞ፣ ነጩም ቀዩም፣ ውሻን ይመርዛል፤ የደሙን ቀይ ሴል ያፈርሳል። ጋሼ ሰምተው ዝም አሉና በማግስቱ ከሉካንዳው ልፋጭ ይዘው መጡ። በማን ገንዘብ? እሱን ነው እንግዲህ የምናወራው።

ከደሞዛቸው የቡቺ ድርሻ ስንት እንደሆነ ጠየቅናቸው። ሳቁ፤ እንደ እትዬ ግን አልሳቁም። የተቀጠሩት ለበሩ ነው። ቡቺ "እግረ መንገድ" ነው። ቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ ጠባሳ አለ፤ የዓይኑ ነገር እንደጀመረው ሰሞን፣ ገና ሳይለምዱት፣ የነከሳቸው። ለመርፌው የተመላለሱበትን ሁሉ ከኪሳቸው ነው የከፈሉት። ከቤቱ ያገኙት "እግዜር ይማርህ" ነው።

ጠባችን እዚህ ላይ ነው። በዚህ ከተማ "ውሻ አለን" የሚሉ ብዙ ቤቶች ያላቸው ውሻ አይደለም፤ ውሻ የሚያይላቸው ሰው ነው። የሚያበላው ጥበቃው፣ የሚያጸዳለት ጥበቃው፣ ከሌለም ሠራተኛዋ ናት፤ እንጀራ ጋግራ፣ ልብስ አጥባ፣ ልጅ አስተኝታ ስታበቃ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላል ተረቱ። ማን እንዳበላው አይናገርም።

"ሰው የሚበላው አጥቶ እናንተ ስለ ውሻ ሽርሽር ታወራላችሁ!" ልትሉን እየተዘጋጃችሁ እንደሆነ እናውቃለን። እኛ ያወራነው ስለ ሰው ነው። ግቢ ያለው፣ መኪና ያለው፣ ለውሻ የብር አንጓ ያለው ሰንሰለት የሚገዛ ቤት ነው ለአንድ ሽማግሌ የድካማቸውን ሲከፍል ድሃ አገር መሆናችን ትዝ የሚለው። ድህነታችን ሁልጊዜ የምትጠቀሰው ሌላ ሰው ደሞዝ ሲጠይቅ ነው።

ደግሞ ሥራውን ንቀነው እንዳይመስላችሁ፤ የናቅነው አገሩን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሲያትል ውስጥ የተቋቋመው ሮቨር የሚባለው ኩባንያ የሚሸጠው ይህንኑ ነው፤ ውሻ የሚያንሸራሽርና ባለቤቱ ሲሄድ የሚጠብቅ ሰው። ዋጋ አለው፣ ሰዓት አለው፣ መድኃኒት መስጠት የሚችልና ያረጀ ውሻ የሚያውቅ ሰው ተመርጦ ይጠራል። የእኛ ልጅ እዚያ ቢሠራው "ልጄ አሜሪካ ነው" ተብሎ ሰፈር ይወራል፤ እዚህ ቢሠራው የውሻ ሎሌ ነው። እትዬ ራሳቸው ሜሪላንድ ሆነው በቫይበር ሲደውሉ ልጃቸው ውሻውን ለሚያንሸራሽርለት ሰው በየቀኑ እንደሚከፍል እየተገረሙ ነገሩን። "ጉድ እኮ ነው!" አሉ። እኛም ጉድ እንደሆነ ተስማማን።

ችሎታ አይደለም የምትሉም አላችሁ። አንድ ጓደኛችን የሚጥል በሽታ ያለበት ውሻ አለው። መድኃኒቱ በየቀኑ በሰዓቱ ይሰጠዋል፤ በአንድ ጊዜ ቢቋረጥ በሽታው ብሶ ይመለሳል። ሲጥለው ክብሪት አይጫርለትም፣ አፉ ውስጥ እጅ አይገባም፤ ዙሪያውን ጠንካራ ነገር አርቆ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ሰዓት አይቶ መጠበቅ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ፈልጋችሁ ታገኛላችሁ? ካገኛችሁትስ "እግረ መንገድህን" ትሉታላችሁ?

ስለ ሰንሰለቱም እንናገር። ቡቺ ዕድለኛ ነው፤ ስንቱ ጎረቤቱ ከንጋት እስከ ምሽት ሁለት ሜትር ሰንሰለት ላይ ነው የሚውለው፤ "ካልታሰረ ኃይለኛ አይሆንም" ተብሎ። እ.ኤ.አ. በ2005 የጣሊያኗ ቱሪን ውሻውን በቀን ሦስት ጊዜ የማያንሸራሽር እስከ 500 ዩሮ ይቀጣል ብላ ደንግጋ ነበር። እኛ ይህንን አንጠይቅም (ደንብ አስከባሪ የውሻ ሽርሽር ሲቆጥር በሐሳባችን አይተን ስቀናል)። ነገር ግን ከሰንሰለት የሚገኘው ኃይለኛነት ፍርሃት ነው፣ ፈሪ ውሻ ደግሞ ሌባ አይመርጥም። ማታ ሊፈታው እጁን የሚዘረጋውን ሰው ይነክሳል።

ንክሻው ደግሞ ቀልድ አይደለም። የውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ወደ 59,000 ሰው በዚህ እንደሚሞት ይገምታል፤ እስከ 99 በመቶ ድረስ ወደ ሰው የሚያስተላልፈውም ውሻ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ጋ መሄድ አለበት። "የቤታችን ውሻ ነው፣ ምንም አይልህም" የሚባለው ማጽናኛ የክትባት ካርድ አይደለም። ካርዱን አሳዩን።

ሕግ ለሚወዱ፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል፤ እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ቢሆን እንኳ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ደግሞ የቤት ውስጥ ቅጥርን ለብቻው በሚወጣ ደንብ እንዲታይ ወደ ጎን አድርጎታል። ስለዚህ ጋሼ በአዋጁ አይከራከሩም። በፍትሐ ብሔሩ ይከሰሱልኝ ይበሉ? እንጀራቸውን በእጃቸው ሊቆርጡ!

የምንለው ከባድ አይደለም። ሰው ስትቀጥሩ ውሻ እንዳለ ተናገሩ፣ ለውሻው የሚከፈለውንም ለብቻው ጥሩ። እምቢ ማለትም መብት ይሁን፤ የውሻ ምራቅ የነካውን ማጠብ በሃይማኖቱ ግዴታ የሆነበት ሰው አለ፣ በልጅነቱ ተነክሶ የሚንቀጠቀጥም አለ። ውሻውን በየዓመቱ አስከትቡ፤ ከነከሰ ሕክምናውን ባለውሻው ይቻል። አንችልም ካላችሁ መልካም፣ አጥሩ ላይ ያለው የጠርሙስ ስባሪ ይበቃችኋል፤ እሱ ሽርሽር አይፈልግም።

እትዬ በመስከረም ተመለሱ። ለእኛ ቸኮሌት፣ ለቡቺ ደግሞ ደረቱ ላይ የሚታሰር፣ ማታ የሚያብረቀርቅ ቀይ ማሰሪያ አምጥተዋል። አንዳችንም ልናስረው አልቻልንም፤ ቡቺ እግሩን አይሰጥም። ጋሼ ተጠሩ፣ ስሙን ጠርተው፣ ጎንበስ ብለው፣ በአንድ ደቂቃ አሰሩት። "ለጋሼስ ምን አመጡላቸው?" ብለን ጠየቅን።

"ምን አደረገ?" አሉ እትዬ፣ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው።