«ሽማግሌ ከእንግዲህ ምን ይማራል?» ለምንል



በፓዌ መንደሮች ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለው ጊዜ መስጂዱ በልጆች የቁርኣን ድምፅ ይሞላል፤ አልሐምዱ ሊላህ። አያቶቻቸው ግን ግድግዳ ተደግፈው ዒሻን ይጠባበቃሉ። «ለእነርሱስ ምን አዘጋጃችሁ?» ተብለን ስንጠየቅ እኛ የመድረሳ አስተማሪዎች «ከእንግዲህ ምን ይማራሉ፣ ዱዓእ ያድርጉልን እንጂ» እንላለን። እኔም ብያለሁ። አክብሮት ይምሰል እንጂ ንቀት ነው።

እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከከምባታና ከሐድያ በሰፈራ ወደዚህ ቆላ የመጡት ናቸው። እኔ ያን ጊዜ የእናቴን ቀሚስ ይዤ የምሄድ ልጅ ነበርሁ፤ እነርሱ የሃያ አምስትና የሠላሳ ዓመት ጎልማሶች። የመማሪያ ዕድሜያቸውን ምንጣሮና ወባ በላው። ከመካከላቸው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የለዩ ነበሩ፤ የሚያነቡት ሲያጡ ፊደሉም ጠፋባቸው። ዛሬ ወደ ሰባ ዓመት ተጠግተዋል። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. የተሠራበት የመንግሥት የትምህርት ዕቅድ እንኳ የጎልማሶችን ትምህርት ሲያሰላ ከ15 እስከ 60 ዓመት ያሉትን ነበር የቆጠረው። ይህን ለመንግሥት እንተወው። ዕውቀት እስከ መቃብር ይፈለጋል እያልን በየሚንበሩ የምናውጅ እኛ (አባባሉ ሐዲስ ባይሆንም) ምን ምክንያት አለን?

በአንድ ረመዳን፣ ተምሮ የተመለሰ ወጣት አንድን አዛውንት በሶፉ ፊት ፋቲሓቸውን አረማቸው። እርማቱ ትክክል ነበር። አዛውንቱ ግን ከዚያ ወዲያ ከኋላ ሶፍ እንጂ አልቆሙም፤ ድምፃቸውንም አልሰማነው።

«እንግዲያው ደርስ እናዘጋጅላቸው» ይባል ይሆናል። አዘጋጅተን ነበር። በድምፅ ማጉያ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ዘካ ተናገርሁ፤ ሁሉም አንገታቸውን ነቀነቁ። ስንወጣ አንዱን ሽማግሌ «አባባ፣ ምን ያዙ?» ብላቸው «አንተ ልጅ፣ ድምፅህ ያምራል» አሉኝ። ሌላው ግን «መሬቴን ለእኩል ሰጥቼ ያረሰው ሌላ ነው፤ የበቆሎውን ዘካ የማወጣው እኔ ነኝ ወይስ እርሱ?» ሲሉ ጠየቁኝ። በዝናብ የበቀለው አንድ አሥረኛ፣ በድካም የጠጣው አንድ ሃያኛ መሆኑን ስደረድር ቆይቼ ለዚህ መልስ አጣሁ፤ ሄጄ መጠየቅ ግድ ሆነብኝ። ጥያቄውን ያመጣው መሬቱን የሚያውቀው ሰው እንጂ እኔ አይደለሁም።

አሁን ደግሞ የእናቴን የቡና ጀመዓ ተመልከቱ። አንዷ የዒዳን ነገር ታውቃለች፣ አንዷ ጀናዛ ታጥባለች፣ ሌላዋ በወሎ ሳለች ከሸኾች የሰማችውን ታወሳለች። አንዷ ስትናገር ሌላዋ «እሱን ከማን ሰማሽው?» ትላለች፤ መልስ ካጣች ነገሩ ይቆያል። ይህ ሐለቃ ካልሆነ ሐለቃ ምንድን ነው?

አዲስ ነገር እያመጣሁም አይደለሁ። ዑመር (ረ.ዐ.) በመዲና ዳርቻ ሲኖሩ ከአንሷር ወገን ከሆነ ጎረቤታቸው ጋር ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ በተራ ይሄዱ ነበር፤ የሄደው ማታ ለቀረው የሰማውን ይነግረዋል። ሁለት ሥራ ያላቸው ጎልማሶች እርስ በርስ ተማማሩ፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። እኒሁ ቡኻሪ ሶሓቦች በዕድሜ ከገፉ በኋላ መማራቸውን በዒልም ክፍላቸው አስፍረዋል። ታላቁ የሻፊዒይ መዝሀብ ፈቂህ አል-ቀፋል አል-መርወዚም ቁልፍ ሠሪ ነበሩ፤ ወደ ፊቅህ የዞሩት በ30 ዓመታቸው ገደማ ነው። ፈረንጆቹ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1973 በቱሉዝ ለአረጋውያን የሚሆን ዩኒቨርሲቲ ከፈቱ፤ በ1982 በካምብሪጅ የተጀመረው ደግሞ አባላቱ ራሳቸው አስተማሪም ተማሪም የሆኑበት፣ ፈተናና ሰርተፊኬት የሌለበት ነው። እኛ በእጃችን የነበረውን እነርሱ ስም ሰጡት።

«ያልተማረ ያልተማረን ካስተማረ ስሕተት ይስፋፋል» የሚሉ ወንድሞች አሉ። በቁርኣን ንባብ ላይ እውነት አላቸው፤ ቁርኣን ከአስተማሪ አንደበት ይወሰዳል፣ ለብቻም ይታረማል እንጂ በሰው ፊት አይደለም። እየከበደው የሚያነብ ሰው ሁለት ምንዳ እንዳለውም እናውቃለን፤ ታዲያ ለምን እናሳፍረዋለን? በቀረው ግን ኡስታዙ ከሐለቃው ጫፍ ይቀመጥ፣ ይስማ፣ ሲጠየቅ ይመልስ፣ የማያውቀውን «አላውቅም» ይበል። ስሕተትስ ዛሬም በየቤቱ አለ፤ የሚሰማውና የሚያርመው ሰው ነው የታጣው።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ ሐሙስ ከዐስር በኋላ አንድ ሽማግሌ በተራው የሚያውቀውን ያቅርብ። አንዱ የጀናዛን፣ አንዱ ልጆች ሳይጣሉ ውርስ የሚከፈልበትን፣ አንዱ የሰሊጥና የለውዝ ዘካን። ለመስጂዳችን ኮሚቴ ካለፈው ሻዕባን በፊት አሳስቤ ነበር፤ «መጀመሪያ ለልጆቹ አግዳሚ ወንበር ይሠራ» ተባልሁ። እኔ የጠየቅሁት ምንጣፍና ጀበና ነበር።

መልሱን እስካሁን እየጠበቅሁ ነው። እናቴ ግን አልጠበቀችም፤ ባለፈው ሐሙስ ከዐስር በኋላ ቤት ስገባ ሰባት ጎረቤቶቿን ሰብስባ፣ ትራስ በነጭ ጨርቅ እየጠቀለለች የከፈንን አደራረግ ታሳያቸው ነበር።